ሁለት ማንኪያ ሞራ

ልጄ ሊዮኔል ኬሚስት እሆናለሁ ካለኝ ቀን ጀምሮ የምፈራው ፍንዳታን ነበር። ጋዜጣ ላይ «ላቦራቶሪ» የሚል ቃል ካየሁ እስከ መጨረሻው ሳላነብ አላልፍም። ዓይኑ የጠፋ ተማሪ፣ ጣቶቹ የተቆረጡ መምህር፣ ጣሪያው የተነሣ ክፍል፤ ሁሉንም በመቀስ እየቆረጥኩ መሳቢያ ውስጥ አኖር ነበር። ሊዮኔል በኮሌጁ በሠራባቸው ዘጠኝ ዓመታት ግን አንዲት ብልቃጥ እንኳ አልፈነዳችበትም። የደረሰበት ነገር የመጣው እኔ ባላየሁበት በኩል ነው፤ ያውም ከገዛ ወጥ ቤቴ።

ባለቤቴ ሆራስ አምብለር ኬንቲሽ ታውን በሚባለው ሰፈር ሻማ ሠሪ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ሱቁን ዘጠኝ ዓመት ብቻዬን ያዝኩት። ሰምና ሞራ ማቅለጥ፣ ክር እየነከሩ ማውጣት፣ በብርድ የሚሰነጠቀውን ሻማ ማለስለስ፣ ሁሉንም በጣቶቼ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረስኩ ሴት ሆኜ እጄ ሁልጊዜ በግ በግ ይሸት ነበር። ሊዮኔል በዚህ አያፍርም። ኮሌጅ ሲገባ ለመምህሮቹ፣ ነገሮች በስንት ሙቀት እንደሚቀልጡ እናቴ ከናንተ በፊት አስተምራኛለች ብሏቸዋል።

ኮሌጁ ውስጥ ፕሮፌሰር ድሬናን የሚባሉ ስኮትላንዳዊ ረዳታቸው አደረጉት። ሥራቸው አየርን መበተን ነበር። ኦክስጅኑን፣ ናይትሮጅኑን፣ እርጥበቱን አንድ በአንድ አውጥተው ሲጨርሱ በቱቦው ጫፍ የሚቀር ትንሽ ነገር አለ። አይሸትም፣ አይቃጠልም፣ ከምንም ነገር ጋር አይዋሃድም። ያን ትራፊ በኃይለኛ ብርድ አፍስሰው እንደገና ቀስ እያሉ ሲያስተኑት ሌላ፣ ከሱም ውስጥ ሌላ ጋዝ ይወጣል። በ1898 የሙቀቱ ወራት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት አገኙ፤ ክሪፕተን፣ ኒዮንና ዜነን። ጽሑፎቹ ላይ የሁለት ሰው ስም ነበረ፤ መጀመሪያ የፕሮፌሰሩ፣ ቀጥሎ የልጄ።

ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እኔ ያየሁት ሁለተኛ መሆኑን ነው። ጋዜጦቹ ፕሮፌሰር ድሬናንና ረዳታቸው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ረዳታቸው የሚለውንም ይተዉታል። የላቦራቶሪው መስታወት ነፊ ባርናቢ ክሩክ፣ አንድ እሑድ ቤታችን ሻይ ሊጠጣ መጥቶ በዚሁ ነገር ቀለደ።

«ሊዮኔል፣ አታማርር» አለው። «ያንተ ስም ከሽማግሌው በኋላ ይመጣል። ቱቦውን ሁሉ የነፋሁት እኔ ደግሞ ከነጥቡ በኋላም የለሁም።»

ሊዮኔል ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፣ የራሱ ወንበር የለውም፣ ፕሮፌሰሩ ነገ ቢሞቱ የሚመጣው ሰው የራሱን ረዳት ይዞ ነው የሚመጣው። ይህን ስነግረው፣ እማ አንቺ ሰው ሳይሞት ቀብሩን ታዘጋጃለሽ ይለኛል።

የግራሶው ነገር የመጣው በቀጣዩ ጥር ነው።

ሥራቸው የሚያልፈው በመስታወት ቱቦዎችና በመስታወት መዝጊያዎች ነው። መዝጊያው ሲዞር የውጭ አየር እንዳይገባበት ግራሶ ይቀባል። ይህን ግራሶ ከሱቅ አይገዙትም፤ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ራሱ ያበስላል። ቁርጥራጭ ጎማ፣ ቫዝሊንና ጥቂት የፓራፊን ሰም አንድ ላይ ሆነው ለሁለት ቀን በቀስታ እሳት ይቀቀላሉ። የጎማው ሽታ ግን ክፉ ነው። በላይኛው ፎቅ የሚያስተምሩት መምህር ስለከሰሱ ሊዮኔል ድስቱን ይዞት ወደ ቤት መጣ፤ እሱ ኮሌጅ ሲውል እኔ እንዳማስለው ለመነኝ። እንዳይፈላ፣ እንዳያርር፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም አለኝ።

ሁለት ቀን አማሰልኩት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ጠብታውን አውጥቼ በጣቶቼ መካከል አሸት አደረግኩት። ደረቅ ነበር። በዚያ ብርድ፣ መስኮቱ ከውስጥ በረዶ በሠራበት ወር፣ እንዲህ ያለ ነገር ይሰነጠቃል። ሻማ ቢሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ከጓዳ የተጣራ የበግ ሞራ አመጣሁ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩ፣ አማሰልኩት። እንደ ቅቤ ሆነ። ማታ ሲመጣ አልነገርኩትም። መደበቄ አልነበረም፤ ወጥ ላይ ጨው መጨመርን ለማን ይናገሩታል?

በሳምንቱ፣ እንዲህ ያለ ግራሶ አይተን አናውቅም፣ መዝጊያዎቹ በአንድ ጣት ይዞራሉ አለኝ። ባርናቢም ምስጋና ልኮልኝ ነበር። ደስ አለኝ።

በየካቲት ፕሮፌሰር ድሬናን ሳንባቸውን ታመው ወደ ደቡብ የባሕር ዳርቻ ሄዱ፤ ሊዮኔል ከባዱን ትራፊ ለብቻው ይሠራ ነበር። ጋዙ በትንሽ ቱቦ ታሽጎ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ያበራል፤ ያን ብርሃን በመሣሪያ ሲበትኑት እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን ቀለም መስመሮች ያሳያል። አንዱ ጋዝ የሌላውን መስመር አያሳይም። ሊዮኔል ማንም ያላየውን አረንጓዴ መስመር አየ። ለካርቦን አረንጓዴ ቀረብ ይላል፣ ግን ቦታው ያ አይደለም፣ አብረውት የሚመጡትም መስመሮች የሉም። ሃያ ጊዜ አየው። ፕሮፌሰሩ ሳይድኑ ተመልሰው መጡና እሳቸውም አዩት። ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳውን ነገር አደረጉ፤ ያገኘኸው አንተ ነህ፣ ብቻህን ጻፈው አሉት። ስሙንም እሱ አወጣለት፤ ኤሪሞን፣ በግሪክ ቋንቋ ብቸኛ ማለት ነው።

አሁን ስሙ መጀመሪያ ነበር። ከኋላውም ማንም አልነበረም።

በግንቦት ከሰሜን ደብዳቤ መጣ። በዚያ አዲስ ኮሌጅ እየተሠራ ነው፣ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ይፈልጋሉ፣ የኤሪሞንን አግኚ ቢያመለክት ደስ ይለናል ይላል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በኅዳር ነው። እጩው ያንን አረንጓዴ መስመር ለኮሚቴው አባላት በዓይናቸው ቢያሳያቸው መልካም ነው ይላል በመጨረሻው መስመር። ሊዮኔል ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ፤ እኔ አራት ጊዜ አነበብኩት። ያቺ የመጨረሻ መስመር አልጣመችኝም። ለምን ራሳቸው ማየት ፈለጉ አልኩ ለራሴ።

በሰኔ የግራሶው ድስት አለቀ። ሙቀቱ ስለገባ ሽታው በመስኮት እንዲወጣ ኮሌጁ ውስጥ አዲስ ቀቀሉ። የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ደግሞ እያረጁ ሄዱ፤ ቱቦ ብዙ ሲበራ ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል። ሊዮኔል ሌላ ለመሙላት ተነሣ። መስመሩ አልመጣም።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን መናገር ይከብደኛል። የሚሠሩበት ፓምፕ ሞተር የለውም። ሜርኩሪ የሞላ ጠርሙስ በእጅ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሜርኩሪው ወርዶ ጋዙን ይገፋል፣ ከዚያ ጠርሙሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ጠርሙሱ የአንድ ዓመት ሕፃን ያህል ይከብዳል። አንዲት ትንሽ ቱቦ ለመሙላት መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ማንሣት ነው። አንዱ ቱቦ ባዶ እስኪሆን ጠርሙሱን ለሦስት ሰዓት ሲያነሣና ሲያወርድ ይውላል። የሚፈሰው የሜርኩሪ ጠብታ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ይተናል፤ ትነቱ መርዝ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ባርናቢ ነው፤ ሊዮኔል አልነገረኝም። ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ መስከረምን እንደዚያ ሲያነሣ ከረመ። በመካከል አንድ የበርሊን ኬሚስት ጽፎ ነበር። በጨዋነት ነው የጻፈው፤ የእርስዎን መንገድ ተከትዬ ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ፣ ጋዙን ላገኘው አልቻልኩም፣ እባክዎ የት እንደተሳሳትኩ ያመልክቱኝ ይላል። ሊዮኔል መልስ ከመጻፍ ይልቅ ፓምፑን መረጠ።

መጀመሪያ ያየሁት ድዱን ነው። ዳቦ ላይ ደም ይተዋል። ቀጥሎ እጁ። የሻይ ሲኒውን ሲያነሣ ሳህኑ ላይ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ በኋላ በሁለት እጁ ይይዘው ጀመር፤ በኋላ ሻይ አልፈልግም አለ። ዓይን ዓይኑን ሳየው ይቆጣል። ሰው ሲመጣ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ከልጅነቱ ሰው የሚወድ ልጅ ነበር። ሐኪም ጥራ ስለው ከኅዳር በኋላ አለኝ።

በጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜ ቀትር ላይ ባርናቢ ክሩክ ሊዮኔል ረስቶት የወጣውን ካፖርት ይዞ መጣ። ካፖርቱ ሰበብ ነው። ቆብ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«እሜቴ፣ ልጅዎ ትናንት ሦስት ቱቦ ሰበረ» አለኝ። «በዘጠኝ ዓመት ሦስት አልሰበረም።»

ግባ ብዬ አስቀመጥኩት። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ እረፍት ውሰድ ብለውታል አለ፤ እሱ ግን አይሰማም። እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ መሰለኝ ወሬውን ወደ ቀልድ አዞረው።

«ሳይንስ ነው ይላሉ እንጂ እኔ ዕድል ነው የምለው» አለ። «የእርስዎ ድስት ካለቀ ወዲህ ዕድል ዞር ብሎ አላየንም። እስቲ አንድ ድስት ይቀቅሉልን፣ ያ ብርቅ ጋዛችን ይመጣ እንደሆነ።»

ሻይ እየቀዳሁለት ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩት።

ድስቱ የገባው በጥር መጨረሻ፤ መስመሩ የታየው በየካቲት አጋማሽ። ድስቱ ያለቀው በሰኔ፤ መስመሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በሰኔ። ባርናቢ ሲሄድ ጓዳ ገብቼ የሞራውን ማሰሮ ከፍቼ ቆምኩ። ሊዮኔል ተማሪ ሳለ ከእንስሳም ሆነ ከተክል የመጣ ነገር ሁሉ ውስጡ ካርቦን እንዳለ ነግሮኝ ነበር፤ ያኔ ስለ ሻማ ጥላሸት ጠይቄው ነው። ጎማውስ፣ ፓራፊኑስ ብዬ አሰብኩ፤ እነሱም ካርቦን አላቸው፣ እነሱ ግን ሁልጊዜ እዚያ ነበሩ፣ በቀላሉም ወደ ጋዙ አይገቡም። አዲስ የገባው እኔ የጨመርኩት ነው።

በነጋታው እራት ላይ፣ ቀለል ባለ ድምፅ፣ መዝጊያው ላይ ሞራ ቢቀባ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ሞራ የሚቀባው ጋሪ ላይ ነው እማ አለኝ፣ በእውነተኛ ንዴት፤ መዝጊያ ላይ ሞራ የሚቀባ ሰው በኮሌጁ ቢገኝ እኔ ራሴ አባርረዋለሁ አለ።

ሳህኖቹን ማንሣት ጀመርኩ።

እውነቱን ያልነገርኩት ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ኅዳር አሥራ አራት ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ሊዮኔል የሚያሳየው ቱቦ የለውም። ቱቦ ከሌለ ወንበር የለም። ወንበር ከሌለ ወደ ፓምፑ ይመለሳል፣ ያን ጠርሙስ እስኪሞት ድረስ ያነሣል። ብነግረውም ወንበሩ የለም። በየትም በኩል ዞሬ ሳየው መጨረሻው አንድ ነበር፤ ከአንድ መንገድ በቀር።

ሰኞ ዕለት ጎማ፣ ቫዝሊንና ፓራፊን ገዛሁ። ሁለት ቀን ቀቀልኩ። ነገሩን ለማረጋገጥ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ለማረጋገጥ ቢሆን አንዱን ድስት ከሞራ ጋር፣ አንዱን ያለ ሞራ አደርግ ነበር፤ እንኳን የኬሚስት እናት፣ ሻማ ሠሪም ይህን ያውቃል። አንድ ድስት ብቻ ሠራሁ። ሁለት ማንኪያ ጨመርኩ። በብልቃጥ አድርጌ፣ ያን ግራሶ ወደዳችሁት ስለነበር ነው ብዬ ሰጠሁት። ግንባሬን ሳመኝ።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ በሥራ ቀን፣ ቤት መጣ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ «እማ፣ መጣች» አለኝ። ሌላ ቃል አላለም። ተቀምጦ አንድ ሙሉ የድንች ወጥ በላ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ተኝቶም ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ልብስ ደርቤለት ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከሐምሌ ወዲህ ፊቱ እንዲህ አርፎ አላየሁትም ነበር።

ያን ያህል ቀላል ነበር። ዓርብና ቅዳሜ ደስተኛ ሰው ሆኖ ዋለ። አምስት ቱቦ ሞላ። ለበርሊኑ ሰው፣ ትዕግሥትዎን፣ በቅርቡ ቱቦ እልክልዎታለሁ ብሎ ሊጽፍለት ነው አለኝ። እኔ የበርሊኑን ሰው አየሁት። አይቼው አላውቅም፣ ግን አየሁት፤ ቱቦውን ከፍቶ፣ መዝኖ፣ አቃጥሎ፣ ካርቦን ነው ብሎ ሲጽፍ። ሊዮኔል ያን ጊዜ ሰሜን ይሆናል፣ ተማሪዎች ፊት ቆሞ፣ ፕሮፌሰር ተብሎ። ምናልባት ሚስት አግብቶ። ስህተት ነው ብሎ መቀበል ይቻላል። ቱቦ ይዞ ኮሚቴ ፊት የቆመ ሰው ግን ተሳሳትኩ ቢል ማን ያምነዋል? አጭበርባሪ ነው የሚሉት። ሁልጊዜ ክፉውን አስቀድማ ታያለች እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ያየሁት ሊመጣ ይችላል የምለውን አይደለም፤ የሚመጣውን ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሰሜኑ ጉዞ ሻንጣ ሲያዘጋጅ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ሸሚዝ እያጠፈ ነበር፤ እጁ እምቢ ስላለው እንደገና እየዘረጋ ያጥፈዋል።

«ሊዮኔል፣ ግራሶው ውስጥ ሞራ አለ» አልኩት።

«የቱ ግራሶ?»

«ሁለቱም። የጥር ወሩም፣ የአሁኑም።»

ሸሚዙን ይዞ ቆመ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ስንት ማንኪያ?» አለኝ።

«ሁለት።»

«የሾርባ ነው የሻይ?»

«የሾርባ።»

«የበግ?»

«የበግ ነው። የተጣራ።»

ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማጠፍ ጀመረ። የመጀመሪያውን ባለማወቅ እንደሠራሁት አልተጠራጠረም፤ አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሁለተኛውን ግን አውቀሽ ነው» አለኝ።

«አውቄ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ቁጥር ነግሬው መዝግቦ እንደጨረሰ ሰው። ካፖርቴን እንድለብስ ነገረኝ።

ኮሌጁ በእሑድ ባዶ ነው። ዘበኛው ሊዮኔልን ያውቀዋል፣ እኔን አይቶ ቆቡን አነሣ። ልጄ ዘጠኝ ዓመት የዋለበትን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከፈራሁት በላይ ጠባብ ነው። ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ የመስኮቱ ብርሃን በወደቀበት ቦታ፣ ሜርኩሪው እንደ መርፌ ጫፍ ያበራ ነበር። ሊዮኔል ከቤት ካመጣሁት ሞራ የአተር ያህል ቁረጪ አለኝ። ቆረጥኩ። ቱቦው ውስጥ ከተትኩት፤ እሱ አርጎን የተባለውን የአየር ትራፊ አስገባበት። ጠርሙሱን ሊያነሣ ሲል ሜርኩሪው እጁ ላይ ሲናወጥ አይቼ ተቀበልኩት። እሱ መዝጊያውን ይዞ፣ አሁን፣ አሁን አውርጂ፣ አሁን አንሺ ይለኛል። ስንት ጊዜ እንዳነሣሁ አልቆጠርኩም። ትከሻዬ ሲቃጠል፣ ይህን ነው እንዴ ሦስት ወር ያነሣው አልኩ በልቤ።

ኤሌክትሪኩን ከፈተ። መሣሪያው ላይ ዓይኑን አድርጎ ቆየ። ከዚያ ለኔ ለቀቀልኝ።

በጨለማ መካከል አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ቆሞ ነበር። ውብ ነበር፤ ውሸት አልናገርም።

«ይቺ ናት ኤሪሞን» አለኝ ከኋላዬ። «አርጎን ውስጥ ስትሆን ቦታዋ የተለወጠ ይመስላል። ካርቦን ናት እማ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በፓውንድ ሲሸጣት የኖረው ነች።»

ከዚያ መሣሪያውን አጠፋና አምስቱን ቱቦዎች ከመደርደሪያው አንድ በአንድ አውርዶ ሰበራቸው። እያንዳንዱ ሲሰበር ትንሽ የአየር ድምፅ ብቻ ነበረው።

ደብዳቤውን በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጻፍነው። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ እስክሪብቶ ሲይዝ ወረቀቱ ይቀደድ ነበር። ለመጽሔቱ አዘጋጅ ነው። በየካቲት ያሳወቅኩት ጋዝ የለም ይላል። ያየሁት መስመር መዝጊያዎቹ ላይ ከነበረው ቅባት የመጣ የካርቦን መስመር ነው፤ ይህንንም በሙከራ አረጋግጫለሁ። ፕሮፌሰር ድሬናን በዚህ ስህተት ምንም ድርሻ የላቸውም። ቀጥሎ፣ «ቅባቱን ያዘጋጀሁት እኔ ራሴ ነኝ» አለ።

እስክሪብቶውን አነሣሁ።

«ይኼ ውሸት ነው» አልኩት።

«ጻፊው።»

«እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። ሰው ማወቅ አለበት። የኔን ስም ጻፍ፤ እኔ ምን ወንበር አለኝ የማጣው?»

«ሳልመረምረው የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከደጅ የመጣ ነገር መዝጊያ ላይ የሚቀባ ኬሚስት፣ ማን እንዳበሰለው መናገር አይገባውም። ደግሞ እናቴ ናት ልበል? ሃምሳ ዓመት ክፍል ውስጥ እየተነገረ ይሳቅብሻል። ጻፊ።»

ጻፍኩት። ትምህርት ቤት በተማርኩት ጽሕፈት፣ ቀጥ አድርጌ። እሱ ለመፈረም ሦስት ወረቀት አበላሸ፤ አራተኛው ላይ የሆነው ፊርማ ስም አይመስልም። በሌላ ፖስታ ለሰሜኑ ኮሌጅ ማመልከቻዬን አንስቻለሁ የሚል አጭር ደብዳቤ ጻፍን። ፖስታ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ፕሮፌሰር ድሬናን ቤታችን መጡ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ሳላቸው ያልለቀቃቸው ሰው ናቸው። እጃቸው ላይ የኛ ደብዳቤ ነበር። አዘጋጁ ተጠራጥረው ለሳቸው ልከውላቸው ነው፤ ጽሕፈቱ የአቶ አምብለር አይደለም፣ ፊርማውም እኛ ዘንድ ካለው ጋር አይገጥምም፣ ሰው ስሙን ለማጥፋት ጽፎበት ይሆናል ብለዋል። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲናገሩ ደብዳቤው ውሸት ነው እንዲባሉ እየለመኑ ይመስሉ ነበር። ሊዮኔል የጻፈችው እናቴ ናት፣ ያልኩት እኔ ነኝ አላቸው።

«እንግዲያው እፊቴ ፈርምልኝ» አሉት።

ባዶ ወረቀት አመጣሁ። ሊዮኔል በግራ እጁ ቀኝ አንጓውን ይዞ ፈረመ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አላዩም፤ እጁን ነው ያዩት። ከዚያ አፉን እንዲከፍት ጠየቁት፤ ድዱን አዩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«ከሐምሌ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋዙ ይገኝ ብዬ ነዋ።»

ፕሮፌሰር ድሬናን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከእንግዲህ ያ ክፍል አትገባም አሉት። ሊዮኔል ለመቼ ድረስ ብሎ ጠየቀ። ፕሮፌሰሩ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከፊርማው በታች፣ «ይህ የአቶ ሊዮኔል አምብለር ፊርማ ነው። ሲፈርም በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው ጻፉና የራሳቸውን ስም ከሱ ስም ቀጥሎ ፈረሙ። ሊዮኔል ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። በሩን ዘጋ።

በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። ጓንታቸውን እያጠለቁ ሳለ ቆም አሉ።

«ወይዘሮ አምብለር፣ ክሩክ ያ ግራሶ የሚመጣው ከእርስዎ ወጥ ቤት ነበር ይላል።»

ወደ ላይ፣ ሊዮኔል ወደ ዘጋው በር ቀና ብዬ አየሁ።

«ድስቱ የኔ ነው» አልኳቸው። «ያበሰለው እሱ ነው።»